የጌጡን ጀርባ አስቀድመው ለሚያሳዩ ነጋዴ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ለታላቅ እህቴ የጋብቻ በዓል ስጦታ ስፈልግ ያገኘኋቸውን፣ በለንደን ፖርቶቤሎ መንገድ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥንታዊ ጌጣጌጥ የሚነግዱ አንዲት አዛውንት ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲህ ያለ ጌጥ ለሚፈልጉ ወገኖቼም ለመጠቆም ይህን ጽፌያለሁ። ስማቸውን እዚህ ያላሰፈርኩት ራሳቸው ስላልፈለጉ ነው፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሰው ግን በእርሳቸው ፈቃድ አድራሻቸውን እሰጣለሁ።

ስለ ጌጡ ጥቂት ካላልኩ ምስጋናዬ ከምን እንደመጣ አይገባም። ከእርሳቸው የገዛሁት፣ ጆርጂያን የሚባለው ጌጥ ጆርጂያ ከምትባለው አገር ጋር ዝምድና የለውም፤ ጆርጅ የተባሉ አራት ነገሥታት እንግሊዝን ተከታትለው ከገዙበት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1714 እስከ 1830 ከዘለቀው ዘመን የተረፈ ነው። ነጋዴዎች ብዙውን ጊዜ ዘመኑን ከእነርሱ ቀጥሎ የነገሠው ዊልያም አራተኛ እስከሞተበት እስከ 1837 ያደርሱታል። ፋሽን በተለወጠ ቁጥር ባለቤቶቹ ፈርጡን አስነቅለው ወርቁንም አስቀልጠው አዲስ ያሠሩ ስለነበር፣ ከዚያ ዘመን ሳይነካ የደረሰን ጌጥ ጥቂት ነው።

ውበቱ የሚገባው ለየትኛው ብርሃን እንደተሠራ ሲታወቅ ነው። በዚያ ዘመን ውድ ፈርጥ በብዛት የሚደረገው በማታ ግብዣ፣ በሻማ ብርሃን ነበር። ስለዚህ አንጥረኞቹ ፈርጡን ጀርባው በተደፈነ የወርቅ ወይም የብር ቤት ውስጥ ያስቀምጡና ከሥሩ ስስ የብረት ቅጠል ያነጥፉለት ነበር፤ ቅጠሉ የሻማውን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል፣ አንዳንዴም ቀለም ተቀብቶ የድንጋዩን መልክ ያደምቃል። አልማዙም ቢሆን በዓይንና በእጅ የተቆረጠ ነው፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ከላይ ጉብ ያለው «ሮዝ ከት» ወይም ማዕዘኖቹ የለዘቡት «ኦልድ ማይን ከት» እንደ ዘመናችን አልማዝ በየአቅጣጫው አይብለጨለጭም። አልማዙ ነጭ ሆኖ እንዲታይ በብር ይታቀፋል፤ ብሩ ቆዳና ልብስ እንዳያጠቁር ደግሞ ከኋላው ወርቅ ይደረግለታል። በኤሌክትሪክ መብራት ሥር ደብዘዝ ብሎ የታየኝን የጋርኔት ጉትቻ ባለሙያዋ ወደ ጥላው ወስደው አጠገቡ ሻማ ሲለኩሱበት፣ ቀዩ ድንጋይ ከውስጥ የበራ መሰለኝ። ዋጋውን የጠየቅሁት ያኔ ነው፤ እርሳቸው ግን ከዋጋው በፊት ጉትቻውን ገልብጠው አጉሊ መነጽር ሰጡኝ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው በዚህ ልማዳቸው ነው። በጆርጂያን ጌጥ እውነቱ የሚገኘው በጀርባው በኩል ነው። ግራጫ የእርሳስ ብየዳ ካለው፣ ጌጡ በኋላ ዘመን ያለ ጥንቃቄ የተጠገነ መሆኑን ያሳያል፤ ጀርባው ተቆርጦ ከተከፈተም ፈርጡ ተለውጦ ሊሆን እንደሚችል ያስጠረጥራል። በመረጥኩት ጉትቻ ላይ ድንጋዮቹና ቤታቸው የጥንት እንደሆኑ፣ በጆሮ የሚገባው ማንጠልጠያ ግን ኋላ የተተካ እንደሆነ እኔ ሳልጠይቅ ነገሩኝ፤ ዋጋውም ይህን ታሳቢ ያደረገ ነበር። ከአጠገቡ የነበረውንና ዓይኔን የሳበውን ቀለበት ደግሞ «ይኼ ለእርስዎ ፍላጎት አይሆንም» ብለው አነሱት፤ አናቱ የጆርጂያን ዘመን ቢሆንም ቀለበቱ ራሱ በ9 ካራት ማህተም የተመታ ነበር። የእንግሊዝ ሕግ 18 ካራት ወርቅን የፈቀደው በ1798፣ 9፣ 12 እና 15 ካራትን ደግሞ በ1854 ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ማህተም የያዘው ክፍል ከዘመኑ በኋላ የተሠራ ነው። በአንጻሩ የዚያ ዘመን ጌጥ አብዛኛው ማህተም የለውምና ማህተም መጥፋቱ ብቻውን ሊያስደነግጠን አይገባም።

እኛ ወርቅን በግራም መግዛት የለመድን ሰዎች በዚህ ገበያ ቶሎ ግራ እንጋባለን። የጌጡ ዋጋ ከሚዛኑ ጋር ብዙም አይገናኝም። በ1732 የሞተው የለንደን ሰዓት ሠሪ ክሪስቶፈር ፒንችቤክ ያወጣው፣ ወርቅ የሚመስለው የመዳብና የዚንክ ቅይጥ፣ እንዲሁም «ፔስት» የሚባለው በእጅ የተቆረጠ እርሳስ ያለበት ብርጭቆ ከኋላ ዘመን እውነተኛ ወርቅ ይበልጥ የሚፈለጉበት ጊዜ አለ። በ1820ዎቹ የተስፋፋውና ከቀጭን የወርቅ ሽቦ ተጠማዞ የሚሠራው ካንቲይ ደግሞ በጥቂት ወርቅ ትልቅ ጌጥ የሚያወጣ ጥበብ ነው፤ የእኛን አገር አንጥረኞች የሽቦ ሥራ ለሚያውቅ ዓይን እንግዳ አይደለም።

አንድ ነገር በተለይ ባለውለታቸው አድርጎኛል። በሌላ ቦታ «የፍቅር መታሰቢያ» ተብሎ የታየኝን፣ ዙሪያው ነጭ ኢናሜል (በወርቅ ላይ ቀልጦ የሚጣበቅ ባለቀለም ብርጭቆ) የሆነና ከመስተዋቱ ሥር የተጎነጎነ ፀጉር የተቀመጠበትን ቀለበት ፎቶ ሳሳያቸው፣ በውስጡ የተቀረጸውን ስምና ቀን አንብበው የሐዘን ቀለበት መሆኑን አስረዱኝ። በዚያ ዘመን ሟች በኑዛዜው ለወዳጆቹ ቀለበት እንዲሠራላቸው ገንዘብ መተው የተለመደ ነበር፤ ነጭ ኢናሜልም ብዙውን ጊዜ ለሕፃናትና ሳያገቡ ለሞቱ ሰዎች ይደረግ ነበር። ለሚሰበስብ ሰው ውድና ልብ የሚነካ ዕቃ ነው። ለኢትዮጵያዊት እህት የጋብቻ በዓል ቢሰጥ ግን ምን ዓይነት ምሽት እንደሚሆን አንባቢ ይገምተው።

«ኢስቴት» ተብሎ ስለሚሸጠው ጌጥም ማወቅ የሚገባ አለ። መለያው ጌጡ ከዚህ በፊት ባለቤት እንደነበረው ይናገራል እንጂ ዕድሜውን አያረጋግጥም፤ የ30 ዓመት ቀለበትም በዚህ ስም ይሸጣል፣ ጥንታዊ ለመባል ግን በተለምዶ ከ100 ዓመት ማለፍ አለበት። ባለሙያዋ በወረቀት ያልተደገፈ የቤተሰብ ታሪክ በዋጋ ላይ አይጨምሩም። ከጨረታ ቤት ለመግዛት የምታስቡም መዶሻው ሲወርድ የሚጠራው ዋጋ የመጨረሻው እንዳልሆነ፣ ጨረታ ቤቱ ከገዢው የሚወስደው ኮሚሽን እንደሚታከልበት ልብ በሉ።

ጉትቻውን ስገዛ የተሰጠኝ ደረሰኝ ዘመኑን፣ የድንጋዩን ዓይነት፣ ከድንጋዩ ሥር ቅጠል እንዳለና ማንጠልጠያው እንደተተካ በጽሑፍ ይዘረዝራል፤ የተጻፈው ስህተት ሆኖ ከተገኘ ገንዘቤን እንደሚመልሱም ይናገራል። አጠባበቁንም አስተምረውኛል፦ ውኃ በፈርጡ ቤት ከገባ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ወደ ቀድሞ መልኩም አይመለስምና ጌጡ አይነከርም፣ በድምፅ ሞገድ ማጽጃ ውስጥ አይገባም፣ የሚደረገውም ሽቶ ከተቀቡ በኋላ ነው። አንዲት ወዳጄ የጥንት ቀለበቷን ለማጽዳት ሰጥታ በአንድ ጊዜ እንዲህ አበላሽተውባታል።

የሚሄድ ሰው ጠዋት ማልዶ ቢደርስ ይሻላል፤ ከረፋዱ በኋላ መንገዱ በጎብኚ ይሞላና እርጋታ ያለው ንግግር አይቻልም። ለምን ዓይነት በዓል፣ ለማን፣ በየስንት ጊዜው የሚደረግ ጌጥ እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ በየቀኑ የሚደረግ ቀለበት ለሚፈልግ ሰው ጀርባው የተደፈነ ጌጥ አይሸጡም። በዋጋ ክርክር ብዙ ፊት አይሰጡም፤ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ግን ከመጀመሪያውም ቀንሰው ነው የሚያቀርቡት።