ባለ 1 ካሬ ሜትር የፀሐይ ውሃ ማንጠሪያ ያዋጣል ወይ?

ጨዋማ ውሃ የሚያነጥረው ሣጥን ጥቁር ገንዳ፣ ያዘነበለ የመስታወት ክዳንና ከክዳኑ ግርጌ የተገጠመ አሸንዳ ነው፤ ፓምፕ የለው፣ ባትሪ የለው። በጥሩ ፀሐይ በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይሰጣል። ሻጩ «10 ሊትር» ካለዎት አይመኑት። 1 ሊትር ውሃ ለማትነን 0.65 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ያስፈልጋል። በቀን 6 ኪሎዋት ሰዓት ፀሐይ ቢያርፍበትና ቅንጣት ሙቀት ባይባክን እንኳ ነጠላ ገንዳ ከ9 ሊትር ብዙም አያልፍም።

ክዳኑ ፕላስቲክ የሆነውን ይተዉት። እንፋሎቱ መስታወት ላይ ሲያርፍ በስሱ ተዘርግቶ ወደ አሸንዳው ይንሸራተታል፤ ፕላስቲክ ላይ ግን እንደ ዶቃ ይቋጠርና ተመልሶ ጨዋማው ውሃ ውስጥ ጠብ ይላል። ርካሽነቱ ታዲያ ምን ይረባል?

የአሸንዳው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የተነጠረ ውሃ ብረት ይበላል፤ ስለዚህ አሸንዳው የማይዝግ ብረት ይሁን፣ በእርሳስ የተበየደ ከሆነ አይግዙ። ማሸጊያው ሲሊከን ፀረ ሻጋታ መድኃኒት የሌለበት መሆን አለበት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ የሲሊከን ሽታ ካለው ይድፉት። ቀትር ላይ ጠርዙን በእጅዎ ሲዳስሱ እርጥብ ትንፋሽ ከተሰማዎት ምርቱ በዚያ በኩል እያመለጠ ነው።

ሲተክሉት ውሃ ልክ ይጠቀሙ። የውሃው ጥልቀት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ገንዳው ካዘመመ ከፍ ያለው ጎን ይደርቅና ጨው ይጋገርበታል፣ ነጩ ቅርፊት ደግሞ ብርሃኑን መልሶ ያንጸባርቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በየማለዳው የምርቱን 3 እጥፍ፣ ማለትም 12 ሊትር ያህል ይሙሉና ትርፉ በማፍሰሻው ይውጣ።

ጨው፣ ፍሎራይድና አርሰኒክ ገንዳው ውስጥ ይቀራሉ። ቤንዚንና አንዳንድ ፀረ ተባይ ግን አብረው ስለሚተኑ በእነዚህ የተበከለ ውሃ አይጨምሩበት።

ለባትሪ ውሃና ለአንድ ሰው መጠጥ ይበቃል። በቀን 1,000 ሊትር ለሚፈልግ ግን 250 ካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ መስታወት ማለት ነው፤ እዚያ ላይ በሶላር ፓኔል የሚሠራ ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃውን በግፊት በስስ ማጣሪያ እያሳለፈ ጨዉን የሚያስቀር መሣሪያ) ይረክሳል። ለባሕር ውሃ ከ55 እስከ 70 ባር ግፊት ቢፈልግም፣ የግፊቱን ጉልበት መልሰው የሚጠቀሙ ትልልቅ ጣቢያዎች ያንኑ 1,000 ሊትር ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት በሆነ ኃይል ያወጡታል።