ዘጠኝ ወር ከትንሿ የብየዳ ማሽኔ ጋር

ማሽኗን የገዛኋት ለአንዲት መኪና ስል ነው። ለ1968 (እ.ኤ.አ.) ቮልስ። ሞተሩ ይነሳል፣ ማርሹ ይገባል፣ ወለሉ ግን የለም። የሾፌሩን ምንጣፍ ሳነሳ መሬቱን አየሁት። ከኋላ መቀመጫ ስር፣ ባትሪው የሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ አሲድ ለዓመታት ሲበላው ኖሯል። በካቻቢቴ ነካ ሳደርገው እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረ።

ማሽኗ 140 አምፔር የሚል የተጻፈባት ባለ ሽቦ ብየዳ፣ ሚግ የሚሏት ናት። በጋዝም (የቀለጠውን ብረት ከአየር የሚከልል ነው) ያለ ጋዝም ትሠራለች። ሻጩ «ጋዝ አያስፈልግህም» ብሎ ነው የሸጠልኝ። አልዋሸም። ለመኪና ላሜራ ግን ግማሽ እውነት ነው።

የመጀመሪያውን ወር ተኩል ያለ ጋዝ በየድኩ፣ ውስጡ ዱቄት ባለበት 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ። ውጤቱ ያሳፍር ነበር። ፍንጣሪው እጄን አገኘው፣ ጫማዬን አገኘው፣ አንዴ ጆሮዬ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። ማሽኗን ረገምኳት። ልመልሳትም አስቤ ነበር። አንድ ቀን ሽቦ ስቀይር የጎን ክዳኗ ውስጥ የተለጠፈች ትንሽ ሥዕል አየሁ። ዱቄት ላለው ሽቦ ቶርቹ፣ ማለትም ሽቦው የሚወጣበት የእጅ መያዣ፣ ከኔጌቲቭ ጋር ይያያዛል፣ በጋዝ ለሚሠራው፣ ውስጡ ዱቄት ለሌለው ደፍን ሽቦ ደግሞ ከፖዘቲቭ። የእኔ ከሳጥኑ የወጣችው ለጋዝ ተገጥማ ነው። ሁለት ዳዶ ፈትቶ ገመዶቹን ማቀያየር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ወር ተኩል ፈጀሁበት።

ካቀያየርኩት በኋላ ፍንጣሪው ቀነሰ። ላሜራው ግን አሁንም ይበሳል። የድሮ መኪና ላሜራ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ዝገት የነካው ደግሞ ከዚያም ይሳሳል። ያ ሽቦ ለዚህ ሥራ ግለቱ በዛ። አንድ ቀዳዳ ልደፍን ገብቼ ሦስት ከፍቼ የወጣሁበት ቀን አለ።

በሦስተኛው ወር ተሸነፍኩና ጋዝ ገዛሁ። የአርጎንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድብልቅ፣ ከ0.6 ሚሊ ሜትር ደፍን ሽቦ ጋር። ገመዶቹን እንደገና አቀያየርኩ፣ ሽቦ የምትገፋውን ሮለርም አገላብጬ በ0.6 ጎድጓዷ በኩል ገጠምኳት። ሌላ ማሽን ሆነችልኝ። ልዩነቱን መጀመሪያ የነገረኝ ጆሮዬ ነው። ሲበላሽ ጧ ጧ ይላል፣ ሽቦው ላሜራውን እየገፋ እጄን ወደ ኋላ ይመልሰኛል። ሲስተካከል ድምፁ አይቆራረጥም፣ ጨርቅ በአንድ ትንፋሽ ሲቀደድ የምንሰማውን ይመስላል። አሁን የሽቦውን ፍጥነት የማስተካክለው ቁጥሩን አይቼ ሳይሆን ድምፁን ሰምቼ ነው።

ያም ሆኖ ረጅም መስመር አልስብም። አንድ ነጥብ፣ ከዚያ ሦስት ሴንቲ ሜትር ርቄ ሌላ ነጥብ፣ ከዚያ ወደ ሌላኛው ጫፍ። ላሜራው እጅ እስኪያስነካ ጠብቄ ክፍተቱን እሞላለሁ። አንዴ ቸኩዬ በአንድ ጊዜ አንድ ስንዝር ብስብ ላሜራው እንደ ማዕበል ተጣመመ። መዶሻ ይዤ ሁለት ቅዳሜ አሳለፍኩበት። ለቀዳዳ ደግሞ ከጀርባው ወፍራም የመዳብ ቁራጭ እደግፋለሁ። ብየዳ መዳብ ላይ አይጣበቅም፣ ስለዚህ ቀዳዳው ተሞልቶ ቁራጩ ንጹህ ሆኖ ይወጣል።

ከማሽኗ ጋር ስለመጡት ዕቃዎች ብዙ አልልም። በእጅ የሚያዘው ጭንብል ቀልድ ነው፣ አንድ እጅ ለጭንብል ሰጥቶ ላሜራውን በምን ይያዛል? በራሱ የሚጨልም ማስክ ገዛሁ። የሚበየደውን ብረት የሚነክሰው የግራውንድ መቆንጠጫ በአራተኛው ወር ምንጩ ላላ፣ ቀየርኩት። የቶርቹ ገመድ አጭር ነው፣ ከመኪናው ስር ተኝቼ ስበይድ ማሽኗን ጎኔ ማስተኛት አለብኝ። ሽቦው የሚወጣባት የመዳብ ጫፍ ቶሎ ቶሎ ስለምታልቅ መለዋወጫ አብራችሁ ግዙ።

ጀርባዋ ላይ በሙሉ ኃይል 20 በመቶ ይላል። ከአስር ደቂቃ ሁለቱን በይዳ ስምንቱን ታርፋለች ማለት ነው። ለላሜራ ነጥብ ነጥብ ሥራ ይህ ችግር ሆኖብኝ አያውቅም። የመኪናውን መደገፊያ ከወፍራም ብረት ስሠራ ግን ቢጫ መብራቷን አብርታ ቀጥ አለች። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ቀጠለች። ንፋስም አትወድም። በሩን ከፍቼ ስበይድ ጋዙ ተበትኖ ብየዳው እንደ ስፖንጅ ተቦረቦረ። ዘግቼ እንዳልሠራ ደግሞ ጭሱ አለ። አሁን በሩን ከፍቼ በንፋሱ በኩል ካርቶን አቆማለሁ።

እሳትን ቀላል አታድርጉት። ቮልስ የነዳጅ ታንኩ ከፊት ነው። ብየዳ ሳልጀምር አውጥቼ ከቤት አርቄዋለሁ፣ ባትሪውንም ፈትቻለሁ። ሁሉን ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። ከወለሉ በላይ የተለጠፈውን ሬንጅ ረሳሁት። ከስር ስበይድ ከላይ እንደሚጨስ ያወቅኩት በጠረኑ ነው። አጠገቤ ውሃ የሞላ ባልዲ ነበር፣ በዚያ ተረፍኩ። አሁን ከበየድኩ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳልቀመጥ በር አልዘጋም።

ወለሉ ባለፈው ወር አለቀ። የቀኝ በር ስር ያለውን፣ የማሞቂያ አየር የሚያልፍበትን ሳጥንም ቀየርኩ። ከመቁረጤ በፊት የበሩን ክፍት ቦታ በብረት ቱቦ ወጥሬ ስለነበር በሩ አሁንም በልኩ ይገጥማል። ብየዳዬ አያምርም፣ ግራይንደርና ስቱኮ ብዙ ነውር ይሸፍናሉ። ማሽኗን ዛሬም እገዛት ነበር፣ ግን ከመጀመሪያው ቀን ከነጋዙ። የግራው ሳጥን ገና አልተነካም። የጋዙ ሲሊንደር ላይ ያለው የመለኪያ መርፌ ደግሞ ቀዩ ላይ ደርሷል።