የኪስ ካሴት መቅጃችን ከዘጠኝ ወር በኋላ

ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ስትመጣልን ካርቶኗ ላይ ትዝታችንን ለዘለዓለም እንደምታኖርልን ተጽፎ ነበር። ዘለዓለሙ ይቅርና ክዳኗ እንኳ ከየካቲት አላለፈም። ዛሬ በላስቲክ ታስራ ነው የምትሠራው። ያም ሆኖ አልጣልናትም።

መሣሪያዋ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጥ ትንሽ ማጫወቻ ናት። ካሴቱን ከትተው፣ ገመዷን ዩኤስቢ ላይ ሰክተው ያጫውቷታል፤ ኮምፒውተሩ ይቀዳል። እንዲህ ያሉት በልዩ ልዩ ስም ስለሚሸጡ የእኛዋን ስም መጥራት አያስፈልግም። የምሠራው ደሴ በሚገኝ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሰዎች ቤታቸውን ሲያጸዱ የሚያመጡልን ካሴት ሦስት ካርቶን ሞልቶ ነበር፦ የሠርግ ዘፈን፣ መንዙማ፣ ከሬዲዮ የተቀዳ ትረካ፣ ከዓረብ አገር በካሴት የተላከ ደብዳቤ። መዝገብ ላይ ቁጥር ሰጥተናቸዋል፤ ምን እንደያዙ ግን አናውቅም ነበር፤ ማጫወቻ አልነበረንም። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ከዩኔስኮ ጋር በ2019 እ.ኤ.አ. «የማግኔት ክር ማስጠንቀቂያ» የተባለውን ሥራ የጀመረው፣ ከክሩ እርጅና በላይ የማጫወቻውና የመለዋወጫው ከገበያ መጥፋት ስላሳሰበው ነው።

ጥሩዋን ላስቀድም። ቀላል ናት፤ ኮምፒውተሩ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ያውቃታል። አብሯት የመጣው ፕሮግራም በሲዲ ነበር፤ ላፕቶፓችን ሲዲ ማስገቢያ የለውም፤ ሲዲው አሁን የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኗል። የተጠቀምነው ኦዳሲቲ በተባለው፣ በነፃ በሚገኘው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ነው። የድምፅ ማስተካከያ ጎማዋ ትንሽ ከፍ ካለች ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ዝቅ ካለች ሹክሹክታው ይበዛል። ልክ የሆነውን ቦታ ካገኘን በኋላ ባልደረባዬ በጥፍር ቀለም ምልክት አደረገችበት። በዘጠኝ ወር ውስጥ ከሠራነው ሁሉ የተሻለው ሥራ ይህ ቀይ ነጥብ ሳይሆን አይቀርም።

ጥር ውስጥ ከወሎው ቦረና በኩል አንድ አዛውንት አዝማሪ፣ በደርግ ዘመን ሠርግ ላይ ሲጫወቱ የተቀዱበትን ካሴት ይዘው መጡ። አምባሰል ነው። ማሲንቆው ረጅሙን ድምፅ ሲስብ ይርገበገባል፤ እኔ የእጃቸው ጥበብ መስሎኝ ራሴን እየነቀነቅሁ ቆየሁ። እሳቸው ግን የጆሮ ማዳመጫውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ልጄ፣ ይህ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው እንጂ፣ አባቴ።»

«የእኔ ማሲንቆ ብርድ እንደመታው ሰው አይንቀጠቀጥም። ዕቃችሁ ነው።»

ዕቃችን ነበር። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ መሄድ አለበት። በትልልቆቹ ማጫወቻዎች ውስጥ ይህን የሚጠብቀው ከበድ ያለ መዘውር ነው፤ የእኛዋ መዘውር ቀላል ስለሆነ ሞተሩ በተወላገደ ቁጥር ክሩም አብሮት ይወላገዳል። ንግግር ላይ አይታወቅም። መንዙማም ከድቤ ጋር ሲሆን ይደበቃል። ዝግ ያለ ትዝታና አምባሰል ላይ ግን መደበቂያ የለውም።

ከዚያ በኋላ ፍጥነቷንም ተጠራጠርን። መለኪያ ካሴት ስለሌለን በመብራት ለካናት። ድሮ ሪከርደሩ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ከተቀዳ፣ የመብራቱ ጉርምርምታ ክሩ ላይ አብሮ ይቀራል፤ የአገራችን መብራት ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅለን በባትሪ ብቻ እየሠራን ስናየው፣ ጉርምርምታው 50 ላይ መገኘት ሲገባው 51.5 አካባቢ ተቀምጧል። ከተለያየ ቤት በመጡ አምስት ካሴቶች ላይ ተመሳሳይ ስለሆነ በቀጂዎቹ ማሳበብ አልተቻለም፤ መሣሪያዋ 3 በመቶ ትፈጥናለች። ይህ ቅኝቱን አይለውጥም፤ አምባሰል አምባሰል እንደሆነ ይቀራል። ድምፁ ግን ከግማሽ እርከን ግማሽ ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ጎልማሳው ጎረምሳ ይሆናል። የፍጥነቱን ስህተት ኮምፒውተር ላይ ማረም ይቻላል። መንቀጥቀጡን ግን እኛ ባለን ዕቃ የምናርምበት መንገድ የለም።

እስከዚያ ቀን 64 ካሴት ቀድተን «ተጠናቋል» ብለን መዝገብ ላይ ምልክት አድርገን ነበር። ምልክቱን መሰረዝ እንዴት እንደሚያሳፍር የመዝገብ ሠራተኛ ያውቀዋል።

ሌላም አለባት። ክሮም ለተባለው የክር ዓይነት መለያ ማብሪያ የላትም፤ ሹክሹክታ የሚቀንሰው ዶልቢም የላትም፤ የድምፁን ዝርዝር በ16 ቢት ብቻ ነው የምትሰጠው። ያ ዓለም አቀፍ የመዛግብት ማኅበር ለቤተ መዛግብት ቅጂ የሚመክረው ቢያንስ 48 ኪሎ ኸርዝ (በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና) እና 24 ቢት ነው፤ በዚህ ልክ አንድ ሰዓት ስቴሪዮ፣ ምንም ሳይጨመቅ በዋቭ ፋይል ሲቀመጥ 1 ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል። ከድምፁ ከፊሉን ጥሎ በሚጨምቀው ኤምፒ3፣ በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት፣ ያው አንድ ሰዓት 58 ሜጋባይት ያህል ነው። ልዩነቱን አይቶ ኤምፒ3ን ብቻ የሚያስቀር ሰው ያጋጥማል፤ የተጣለው ድምፅ ግን ተመልሶ አይገኝም። ኤምፒ3 ለአድማጭ ይሰጣል፤ ዋቩ ይቀመጣል።

መጋቢት ላይ ያገለገለ ትልቅ የካሴት ማጫወቻ ገዝተን፣ ፒያሳ የሚሠሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ላስቲኩን ቀየሩልን፤ ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን ሄድም አስተካከሉልን። በ24 ቢት የሚቀዳ፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚያያይዝ መገናኛ ጨመርንበት። ይህኛው ካሴት ላይ መቅዳትም ስለሚችል፣ ካሴት ከመግባቱ በፊት በጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች እናያለን፤ ካልተሰበሩ በላዩ እንዳይቀዳበት እንሰብራቸዋለን። አዝማሪው ተጠርተው መጡ። «አሁን እኔ ነኝ» አሉ፤ ወዲያው ግን ከበሮ መቺው ያኔም ይቸኩል እንደነበር አስታውሰው ተናደዱ።

ትንሿ ታዲያ ሥራ አልፈታችም። አዲስ ካሴት ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው እሷ ውስጥ ነው። ክር የምትበላ ብትሆን ኖሮ አላስጠጋትም ነበር፤ እስካሁን አልበላችም። ሽፋኑ ላይ «ሠርግ» የተባለው ውስጡ የሬዲዮ ዜና ሆኖ ሲገኝ የምታጋልጠው እሷ ናት። በካሴት የተላከ ደብዳቤ ይዘው የሚመጡ እናቶችም የልጃቸውን ድምፅ የሚሰሙት በእሷ ነው። እነዚህን ደብዳቤዎች ለባለቤቶቹ እንሰጣለን እንጂ ለአንባቢ ክፍት አናደርጋቸውም።

ቅጂዎቹ በሦስት ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው፤ አንዱ እኛ ዘንድ፣ አንዱ ኮምቦልቻ፣ አንዱ አዲስ አበባ። መጀመሪያ ሁለቱ ይበቃሉ ተብሎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም በአንድ ሰሞን እንደደረሰባቸው ያስታወሱት የጥበቃ ሠራተኛችን ናቸው፤ ሦስተኛው የተገዛው በእሳቸው ንግግር ነው።

በግማሽ ዋጋ ብትገኝ ደግሜ እገዛታለሁ፤ በሙሉ ዋጋዋ ግን ያንን ገንዘብ ለጠጋኙ እሰጣለሁ። አሁን ሰኔ ነው፤ ሻጋታ የያዛቸው 31 ካሴቶች ለብቻቸው ተለይተው ተቀምጠዋል። ነጩ ብናኝ ወደ ሄዱም ወደ ሳንባም ስለሚገባ አንዱም ማጫወቻ ውስጥ አይገቡም። የደሴ ጉም እስኪያልፍ፣ እስከ ጥቅምት ይጠብቃሉ።