ሌባ የሚያቆመው አፑ ነው ወይስ ሽቦው? በስልክ የሚዘጋ ጂፒኤስና ድብቅ ማጥፊያ ሲነጻጸሩ

ባሕር ዳር ውስጥ ቪትዝ የገዛ፣ ባጃጁን ለሹፌር የሰጠ፣ ሃይስ ያለው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ነው፤ «በስልክ የሚዘጋውን ጂፒኤስ ላስገጥም ወይስ ድብቅ ማጥፊያ ላስዘርጋ?» መልሱን ከፊት እናስቀምጠው። ሞተር ማቆም የሽቦው፣ ማለትም የድብቅ ማጥፊያው ሥራ ይሁን፤ እሱም ካልበራች ሞተሩ እንዳይነሳ የምታደርግ፣ መኪናው ውስጥ የተሸሸገች ማብሪያ ናት። ስልኩ መኪናው የት እንደቆመ ያሳይ፤ ነዳጅ ወይም ኤሌክትሪክ የመዝጋት ሥልጣን ግን አይሰጠው። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሽቦውን አስዘርጉ።

ከዋጋው እንጀምር፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን መስመር የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ) ያለው ሚኮደስ ኤምቪ720 የሚባለው ጂፒኤስ እ.ኤ.አ. በ2022 በውጭ ገበያ 20 ዶላር አካባቢ ነበር። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ይህ 1,140 ብር ማለት ነበር። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ስለዘለለ፣ ያው ዕቃ ማጓጓዣ፣ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመርበት ከ2,280 ብር በላይ ሆኗል። በዚህ ላይ የራሱ ሲም ካርድ ያስፈልገዋል፤ ሲሙ ደግሞ ካርድ ካልተሞላለት ይዘጋል። የሚበላው ዳታ ትንሽ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በወር ከ30 ሜጋ ባይት አይበልጥም፤ ግን ወር በገባ ቁጥር መታሰብ አለበት። ብዙ ሻጮች የማይነግሩት ሌላ ወጪም አለ፤ አፑ ራሱ የመጀመሪያው ዓመት በነጻ ሆኖ ከዚያ በኋላ የዓመት ክፍያ የሚጠይቅ ሊሆን ይችላል። ስትገዙ «ከዓመት በኋላ ስንት ነው? የሚከፈለውስ ለማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ዕቃው ከዓመት በኋላ ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል።

የሽቦው ዕቃ ይኸው ነው፤ ባለ 12 ቮልት ባለ 5 እግር ሪሌ ከነሶኬቱ፣ ፊውዝ ከነመያዣው፣ ለፓምፑ መስመር 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ለማዘዣው 0.75፣ አንድ ትንሽ ማብሪያ ወይም ሪድ ስዊች (ማግኔት ሲጠጋው የሚበራ ማብሪያ) ከነማግኔቱ፣ አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ)። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከርካሹ ጂፒኤስ ዋጋ ግማሽ ሊያልፍ አይገባም። ካለፈ የምትከፍሉት ለዕቃ ሳይሆን ለወሬ ነው። ሥራው በደንብ ለሚሠራ ኤሌትሪሺያን ግማሽ ቀን ይወስዳል። «ከነገጠማው ይሄን ያህል» የሚል ዋጋ አትቀበሉ፤ ዕቃው ለብቻ፣ እጁ ለብቻ ይነገራችሁ። የተጠቃለለ ዋጋ ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀነሰው የሪሌው ጥራት ነው። ከዚያ በኋላ የወርም የዓመትም ክፍያ የለም።

አሁን ወደ አፑ ድክመት። ትልቁ ድክመቱ መኪናው መሰረቁን መጀመሪያ እናንተ ማወቅ ያለባችሁ መሆኑ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተኝታችኋል፤ ስልኩ ዳታው ጠፍቶ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። ስትነሱ መኪናው ሐሙሲትን አልፎ ወደ ወረታ ሄዷል። ድብቅ ማጥፊያ ግን ባለቤቱ ቢተኛም ባይተኛም ሥራውን ይሠራል፤ ሞተሩ አይነሣም፣ ቢነሣም ወዲያው ይጠፋል።

ሁለተኛው ኔትወርክ ነው። አፑ እንዲሠራ መኪናው ውስጥ ያለው ሲም ዳታ ይፈልጋል፣ የእናንተ ስልክ ዳታ ይፈልጋል፣ በመካከላቸው ውጭ አገር ያለ ሰርቨርም መሥራት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቁልፉን ብትጫኑትም ትእዛዙ አይደርስም። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ ቤቱ ዋይፋይ ያለው ሰው እንኳ ከአፑ ምንም አላገኘም፤ መኪናው ውስጥ ያለው ሲም ዋይፋይ የለውምና። በዚያን ጊዜ ያገለገሉት በአጭር መልእክት የሚታዘዙት ነበሩ። ስለዚህ ጂፒኤስ ከገዛችሁ በኤስኤምኤስ የሚታዘዝ መሆኑን አረጋግጡ፤ የትእዛዝ ቃላቱንም ከመመሪያው ወረቀት ገልብጣችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ አስቀምጡ። መመሪያ የሌለው ዕቃ ከሆነ ተዉት።

ሦስተኛው ነገር የይለፍ ቃሉ ነው፤ ብዙ ሰው እንደ ቀላል ስለሚያየው ረዘም አድርገን እንመልከተው። እነዚህ ዕቃዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የይለፍ ቁጥራቸው 123456 ወይም 0000 ነው። ገጣሚው አይቀይረውም፤ ባለቤቱም እንዳለ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ሰርጎ ገብ ይህንኑ 123456 ብቻ እየሞከረ አይትራክና ፕሮትራክ በሚባሉ ሁለት አፖች ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ አካውንቶችን ከፍቶ ነበር፤ ከመኪኖቹም አንዳንዱን ቆሞ ሳለ ወይም በዝግታ ሲሄድ ሞተሩን ማጥፋት ይችል ነበር። በዚያው ዓመት አቫስት የሚባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ 600,000 የሚሆኑ ጂፒኤሶች በዚያው ቁጥር ክፍት ሆነው ማግኘቱን አሳወቀ። ከላይ ዋጋውን የጠቀስነው ኤምቪ720 ደግሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ተቋም በይፋ ያስጠነቀቀበት ነው፤ የሚሠራበት ሰርቨር ላይ ባለቤቱ ሊቀይረው የማይችል የይለፍ ቃል ተቀብሮ ተገኝቷል፤ በዚያም ሌላ ሰው ነዳጁን መዝጋት ይችል ነበር። ነዳጅ የሚዘጋው ገመድ ሪሌው ላይ ከተገጠመ አደጋው የሞተሩ ነው። ካልተገጠመ የሚጋለጠው የመኪናው አድራሻ ብቻ ነው። ይህም ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ግን ሕይወት ላይ አይደርስም።

ሕይወት ያልነው ለማጋነን አይደለም። ሞተር ድንገት ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ከጥቂት ርግጫ በኋላ ይደርቃል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ተሳፋሪውም ተቃራኒው መኪናም ላይተርፍ ይችላል። ደህና የሚባሉት ጂፒኤሶች ፍጥነቱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች እስኪወርድ ትእዛዙን ያዘገያሉ። ፎርጅዶቹ ይህ የላቸውም፤ ቁልፉ በተነካበት ቅጽበት ይዘጋሉ።

ሽቦው የሚበላሸው ደግሞ በገጣሚው እጅ ነው፤ በዕቃው አይደለም። ቁጥር አንድ ስህተት የመኪናውን ነዳጅ ፓምፕ በቀጥታ በትንሿ ማብሪያ ውስጥ ማሳለፍ ነው። የፓምፑ መስመር ከ4 እስከ 7 አምፔር ይስባል። ማብሪያዋ ላይ የተጻፈው 3 ወይም 6 አምፔር ለቤት ኤሌክትሪክ የተሰጠ ልኬት ነው፤ ባለ 12 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ሲቋረጥ ብልጭታው ቶሎ ስለማይጠፋ ውስጧ ይጠቁራል፣ በወራት ውስጥም መንገድ ላይ ታቆማችኋለች። ማብሪያዋ መሸከም ያለባት የሪሌውን ማዘዣ ብቻ ነው፤ እሱም 0.15 አምፔር አካባቢ ነው።

አዘረጋጉ እንዲህ ነው። ከዋናው ፊውዝ ወደ ፓምፑ የሚሄደውን መስመር ቁረጡና አንዱን ጫፍ ሪሌው 30 ቁጥር ላይ (ቁጥሮቹ እያንዳንዱ እግር አጠገብ የተጻፉ ናቸው)፣ ሌላውን 87 ቁጥር ላይ አስገቡ። 86 ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር በ3 አምፔር ፊውዝ በኩል ይምጣ፤ 85 በድብቋ ማብሪያ በኩል ወደ ማሳ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ወደተገናኘው የመኪናው ብረት) ይሂድ። ዳዮዱ በ85ና በ86 መካከል ይበየድ፤ ነጭ መስመር ያለበት ጫፉ ወደ 86 ይሁን። ይህ ዳዮድ ከተረሳ ሪሌው ሲለቅ የሚፈጠረው ምት ሪድ ስዊቹን ቶሎ ያጣብቀዋል፤ የተጣበቀ ስዊች ማለት ሁልጊዜ ክፍት የሆነ መኪና ማለት ነው። በዚህ አገጣጠም ሌባው ማብሪያዋን ካላገኘ ፓምፑ አይነሳም፤ ሪሌውን ነቅሎ ቢጥለውም አይነሳም።

ምክራችንን ትታችሁ የጂፒኤሱን መዝጊያ ካስገጠማችሁ ነገሩ ተቃራኒ መሆን አለበት። እዚያ ፓምፑ በ30ና ሪሌው ሳይታዘዝ በሚገናኘው እግር በ87ኤ ነው የሚያልፈው፤ ምክንያቱም ጂፒኤሱ ቢሞት መኪናው መሄዱን መቀጠል አለበት። በ87 የገጠመ ሰው መኪናችሁን ለአንድ ርካሽ ሰሌዳ ነፍስ አስይዟታል።

መጋጠሚያው በስታኞ ይበየድ ወይም በትክክለኛ መጨበጫ ይጨበጥ፣ ከዚያ በሙቀት የሚጨማደድ ፕላስቲክ ይሸፈን። ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል እዚህ ከተማ አይበረክትም። የጣና እርጥበትና የክረምቱ ዝናብ ገብቶ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ናስትሮውም በሚያዝያ ሙቀት ሙጫው ይለቃል። ሪሌውን ሞተር ክፍል ውስጥ አታስቀምጡት፤ መኪና እጥበት ቤት የሚለቀቀው ግፊት ያለው ውኃ ሶኬቱ ውስጥ ይገባል። ከዳሽቦርድ ጀርባ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ይታሰር።

ማብሪያዋን ከመሪው ሥር አታድርጉ። ሌባ መጀመሪያ እጁን የሚሰደው እዚያ ነው። የሚሻለው ሪድ ስዊች ከፕላስቲኩ ጀርባ መለጠፍና የቁልፍ መያዣችሁ ላይ ባለ ማግኔት ማዘዝ ነው፤ ከውጭ የሚታይ ነገር አይኖርም። ማግኔቱን ከቦታው እንዳይነሳ የሚይዝ ትንሽ መያዣ ዳሽቦርዱ ላይ ይኑር፤ አለዚያ እየነዳችሁ ሞተሩ ይጠፋል።

ስለ ፎርጅድ ሪሌ። የታወቁ ፋብሪካዎችን ስም የያዘ ሁሉ የእነሱ አይደለም። መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ። በ85ና በ86 መካከል ከ80 እስከ 100 ኦም ካነበበ ደህና ነው፤ በጣም ካነሰ የውስጡ ጠምዛዛ ሽቦ አጭር ነው፣ ብዙ ጅረት ስቦ ይግላል። ደህና ሪሌ ለ87 ቁጥር 40 አምፔር፣ ለ87ኤ 30 አምፔር ብሎ ለይቶ ይጽፋል፤ ለሁለቱም 40 የሚል ጽሑፍ ጥርጣሬ ይጫርባችሁ። ከተገጠመ በኋላ ፓምፑ እየሠራ መልቲሜትሩን በ30ና በ87 ላይ አድርጉት፤ ከ0.1 ቮልት በታች መሆን አለበት። 0.3 ካለፈ ያንን ሪሌ በዚያው ሰዓት አስቀይሩት።

የመኪናው ዓይነትም ይለያያል። ኦቶማቲክ ቪትዝ ከሆነ የሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን) ማዘዣ መስመር መቁረጥ ይበቃል፤ እንዲያውም የሚሄድ ሞተር ስለማያጠፋ ከሁሉ ይልቅ አስተማማኝ ነው። ማንዋል ማርሽ ያለው ግን ተገፍቶ ስለሚነሳ ፓምፑ ነው መቆረጥ ያለበት። አሮጌ ናፍጣ ሃይስ ላይ የናፍጣ ፓምፑ ራስ ላይ ያለችውን መዝጊያ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የምትከፈት መዝጊያ) መቁረጥ ይቻላል፤ የሚያውቅ ሌባ ግን ከባትሪ አንድ ሽቦ ስቦ ይከፍታታል። ስለዚህ እዚያ ሞተሪኖውንም አብራችሁ ቁረጡ። ለባጃጅ መጀመሪያ በመፈተኛ አምፖል ሲዲአዩ (የሻማውን ብልጭታ የሚያዝዘው ሳጥን) ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት ያገኝ እንደሆነ ይታይ፤ ካገኘ ያ መስመር ይቆረጣል፣ ካላገኘ የማጥፊያ ገመዱን ማሳ ላይ በሚያሳርፍ መንገድ ይሠራል። ሁለቱን ያምታታ ገጣሚ ሲዲአዩን ያቃጥላል።

አፑ የሚበልጥበት ቦታ አለ፤ እሱም ትንሽ አይደለም። ባጃጁን ወይም ሚኒባሱን ለሹፌር የሰጠ ባለንብረት ድብቅ ማጥፊያ ብዙም አይጠቅመውም፤ ሹፌሩ የት እንዳለች ማወቁ ግድ ነውና። እሱ የሚፈልገው መኪናው የት እንደዋለ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ፣ ቲስ ዓባይ ነው ወይስ መራዊ ማየት ነው። ለዚህ ጂፒኤስ ግዙ። ነዳጅ የሚዘጋውን ገመድ ግን፣ ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው፣ ጫፉን ሸፍናችሁ ሳይገጠም ተዉት። የይለፍ ቁጥሩን ገጣሚው ፊት ሳይሆን ቤት ገብታችሁ ቀይሩ። ባትሪውንም አስቡ፤ ሳይተኛ የሚሠራ ጂፒኤስ 50 ሚሊ አምፔር ቢስብ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ይበላል፣ በሁለት ሳምንት 17 ገደማ። 35 አምፔር ሰዓት ያላት የቪትዝ ባትሪ ላይ ይህ ግማሽ ነው። መኪናውን አቁማችሁ ረዥም ጉዞ የምትሄዱ ከሆነ ፊውዙን ንቀሉ።

ለገጣሚው ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው አስፈትኑት። ማብሪያዋ ጠፍታ ሞተሩ አሥር ጊዜ ይሞከር፤ መነሳት የለበትም፤ ፓምፑ ከሆነ የተቆረጠው በመስመሩ የቀረው ነዳጅ መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ሊያስነሳው ይችላል፣ ግን ወዲያው መጥፋት አለበት። በርታ ደግሞ አሥር ጊዜ ይሞከር፤ አንዴም እምቢ ማለት የለበትም። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የዳሽቦርዱን ፕላስቲክ በእጃችሁ መታ መታ አድርጉ፤ ድምፁ ከተንተፈተፈ የላላ መጋጠሚያ አለ ማለት ነው፣ ይፈታና እንደገና ይበየድ። በመጨረሻም የሽቦውን ቀለምና የተቆረጠበትን ቦታ በወረቀት አስጽፉ፤ ወረቀቱም ቤት ይቀመጥ፣ መኪናው ውስጥ አይደለም።