ደሴ ላይ የሚሰጠው የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሥልጠና፦ አንደኛው ቀን ድንቅ፣ ሁለተኛው ጥድፊያ

ለሰንበት ትምህርት ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች ፒያሳ አካባቢ የሚሰጠው የሁለት ቀን ሥልጠና ትልቁ ብልሃቱ ሰልጣኙ የደብሩን ማስታወቂያ ይዞ እንዲመጣ ማድረጉ ነው። ስለ ዲዛይን ሲወራ የሚያዛጋው ሁሉ የራሱ ፖስተር ግድግዳው ላይ ሲበራ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ስሕተቱን ጎረቤቱ ቀድሞ ያይለታል፤ የአሠልጣኙ ድርሻ ዝም ማለት ነው፣ ይኼንን ደግሞ ሁሉም አሠልጣኝ አይችልበትም።

ብዙው ጣጣ ቀን ላይ ነው። የኅዳር ሚካኤል ጉባኤ "12/3" ተብሎ ከተጻፈ ውጭ አገር ያለ ሰው ዲሴምበር 3 ወይም ማርች 12 ብሎ ያነበዋል። ወሩ በስሙ ይጻፍ። የፈረንጁ ቀን ከተጨመረም ካለፈው ዓመት ፖስተር አይገልበጥ፤ ኅዳር 12 አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 21 ቢሆንም ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ዓመት 22 ላይ ይውላል፤ በ2016 እንዲያ ነበር፣ በ2020ም እንዲያው ነው። "8 ሰዓት" ብቻም አይበቃም፤ "ከቀኑ 8 ሰዓት" ይባል።

ከቅዳሴ በኋላ ለሚነበበው ማስታወቂያ ያለው መልመጃ ደግሞ ለብቻው ያስመጣል። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ወረቀት ሳያይ ምን፣ መቼ፣ የት የሚሉትን ይደግማል። መድገም ያቃተው ቦታ ላይ ይቆረጣል። ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው "እንደሚታወቀው" ብሎ የሚጀምረው አንቀጽ ነው።

የድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ዩኒኮድ (ኮምፒውተሩም ስልኩም የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ስላልሆኑ ጽሑፉ ተቀድቶ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፎንቱን ኒያላ ወደተባለው የዩኒኮድ ፎንት መቀየር ብቻውን አያድንም፤ እንደገና መተየብ ወይም በመቀየሪያ ማሳለፍ ግድ ነው። ለማተሚያ ቤት የሚላክ ፖስተርም በፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላክ። ኤ3 በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 3508 በ4961 ፒክስል ይፈልጋል፤ ቴሌግራም ጨምቆ ቁመቱን 1280 ያደረሰው ምስል ላይ ጽሑፉ ጠርዙ ደብዝዞ ይወጣል።

ሁለተኛው ቀን ግን ቪዲዮ ቅንብርን፣ ፎቶሾፕንና ድምፅን አንድ ላይ አጭቋል። የድምፁ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የሚረባው፦ የድምፅ ማጉያው (ስፒከሩ) ከማይኩ ይልቅ ወደ ሕዝቡ ቀርቦ ይቁም እንጂ ከተናጋሪው ኋላ አይሁን፣ ማይኩ ከአፍ ከስንዝር አይራቅ፣ ራሱም በመዳፍ አይታፈን፤ ሲታፈን ከየአቅጣጫው ድምፅ መሰብሰብ ይጀምርና ይጮሃል። ፎቶሾፕ ለስድስት ሰው በአንድ ላፕቶፕ አይለመድም፤ ቢቀር ይሻላል።

ከኮምቦልቻ የምትመጡ ዳገቱን አስቡና በጊዜ ተነሱ፤ የፖስተር ግምገማው የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ነው። ፍላሽ ላይ የሚያዘው የሚታረመው ኦሪጅናል ፋይል ይሁን፤ በምስል የመጣ ፖስተር ተተችቶ ብቻ ይመለሳል።