«እናትየዋ መጥታ ትፈርም»፦ የልጅ ድጎማ ቢሮ በአንድ አባት ዓይን

ማመልከቻውን ስጀምር ልጄ አራት ዓመት ከሁለት ወሯ ነበር። የመጀመሪያው ክፍያ ሲገባ አምስተኛ ልደቷ አልፏል፤ ያኔ የነበሯት ጫማዎችም በሙሉ ጠበዋታል። በመሀል ስለሆነው ነው የምጽፈው። ልጁን ለብቻው የሚያሳድግ ሌላ አባት እንዲህ ያለ ቢሮ ከመሄዱ በፊት ቢያነበው ብዙ ምልልስ ይቀርለታል።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። የኦንላይን ቅጹ በደንብ የታሰበበት ነው። በስልክ ይሞላል፣ ሰነድ በካሜራ አንስቶ መላክ ይቻላል፣ መሀል ላይ ብታቋርጠውም የጻፍከው አይጠፋም። እኔ የምሞላው ማታ ማታ እሷን ካስተኛሁ በኋላ ስለነበር ይሄ በጣም ጠቅሞኛል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። «የእናት መለያ ቁጥር» የሚል ሳጥን አለ፤ አጠገቡ ቀይ ኮከብ። ካልሞላኸው አያሳልፍህም። «አላውቅም» ወይም «የለም» የሚል ምርጫ አላስቀመጡለትም። የአባት ሳጥን ላይ ግን ኮከብ የለም። ባዶውን ብትተወው ዝም ብሎ ያሳልፋል።

ስልክ ደወልኩ። ስለ ስልክ አገልግሎታቸው የምለው ብዙ የለኝም። አንድ ቀን አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካዳመጥኩ በኋላ ሰው አነሳና «ቢሮ ይምጡ» ብሎኝ ዘጋ።

ቢሮው ንጹህ ነው። መቀመጫ አለው፤ የተራ ቁጥር ማሽኑም ይሰራል። በሩ ሳይከፈት ከደረስክ ረፋድ ላይ ትጨርሳለህ፤ ካረፈድክ ግን ቀኑን እርሳው። ልጄን የምተውላት ሰው ስላልነበረኝ ይዣት ሄድኩ። ተራችን ደርሶ ወደ መስኮቱ ስንቀርብ የተራ ቁጥሯን ወረቀት አልሰጥም ብላ በእጇ ጨምድዳ ይዛለች። ሰራተኛዋ ሰነዶቼን አገላበጠች።

«እናትየዋስ?» አለችኝ።

«የለችም።»

«አርፈዋል? እንግዲያው የሞት ምስክር ወረቀት ያምጡ።»

«አልሞተችም። ጥላን ከሄደች ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው። የት እንዳለች አላውቅም።»

«እንደዛ ከሆነ እናትየዋ መጥታ ትፈርም።»

ልጄ አገጯን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስደግፋ ታዳምጥ ነበር። ጥያቄው ለሷ መስሏት ተንጠራራችና፣ በመስታወቱ ቀዳዳ በኩል፣ «እናቴ ሩቅ ናት» አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው። ከኋላችን የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሰማ። ሰራተኛዋ አቀረቀረች። እኔ ሆድ ባሰኝና ሰነዶቼን ሰብስቤ ወጣሁ። ደረጃውን ስንወርድ እጄን ጎተት አድርጋ፣ «አባዬ፣ ትክክል መለስኩ?» አለችኝ።

ትክክል ነው የመለስሽው አልኳት። ሌላ ምን ይባላል።

ሰራተኛዋን አልወቅስም፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ድንጋጤ እውነተኛ ነበር። የምወቅሰው አሰራሩን ነው። ሰው ሲሞት ወረቀት ይወጣለታል። ሄዶ ለቀረ ሰው ግን የትኛው ቢሮ ነው «ቀርቷል» ብሎ ማህተም የሚመታው? ልጅ የምታሳድግ እናት ስትመጣ አባትየው የት እንዳለ ባታውቅ ቅጹ ያሳልፋታል። ያሳልፋትም፤ ተገቢ ነው። ለአባትም ያንኑ ማድረግ ምን እንደሚከብድ ነው ያልገባኝ።

ከዚያ በኋላ ደጅ ስጠና ከረምኩ። ከመስኮት መስኮት ስዞር የፍርድ ቤት የአሳዳጊነት ውሳኔ አምጣ ተባልኩ። እሱን ለማግኘት ሦስት ወር ፈጀብኝ። ይዤው ስመጣ ደግሞ የገቢ ማስረጃዬ ጊዜው አልፎበታል፤ ለካ የሚያገለግለው ለሦስት ወር ብቻ ነው። እሱን አሳድሼ ስመለስ የመኖሪያ አድራሻ ማረጋገጫው አርጅቷል ተባለ። ሰባት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በሰባቱም ጊዜ «አይሰጥህም» ያለኝ ሰው የለም። «ይሄን አሟላና ተመለስ» ብቻ ነው።

መላው የተገኘው ከቢሮው ሰዎች አይደለም። አንድ ቀን ከጎኔ ተራ የምትጠብቅ፣ የሁለት ልጆች እናት የሆነች ሴትዮ ብስጭቴን አይታ፣ «ወንድሜ፣ በቃል አትስማቸው። አይሆንም ካሉህ በጽሑፍ ስጡኝ በላቸው» አለችኝ። ያቺ አረፍተ ነገር ናት ነገሩን የለወጠችው። ይግባኝ የሚባለው በተሰጠ ውሳኔ ላይ ነው። እኔ ውሳኔ የሚባል ነገር እጄ ላይ ስላልነበረ ይግባኝ የምልበትም አልነበረኝም። በጽሑፍ ስጠይቅ በሁለት ሳምንት ውስጥ የመከልከያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ምክንያቱ አንድ መስመር ነው፤ የእናት ስምምነት አልተያያዘም። ከስሩ ደግሞ ይግባኝ ማለት የምትችለው በ30 ቀን ውስጥ ነው ይላል።

ይግባኙን ስጽፍ ብዙ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግስታት የህጻናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 26 ከማህበራዊ ዋስትና መጠቀምን የሚያስቀምጠው እንደ ልጁ መብት ነው። የእናት ወይም የአባት ብሎ አይደለም። ሲሰጥም የልጁና ልጁን የሚያሳድገው ሰው ኑሮ እንዲታይ ይላል። አንቀጽ 18 ደግሞ ልጅን ማሳደግ የሁለቱም ወላጆች የጋራ ኃላፊነት ነው ይላል። ሁለቱንም ጠቀስኳቸው።

የሞት ምስክር ወረቀት የያዙ አባቶችም እንደተንገላቱ ያወቅሁት ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካ ውስጥ ስቲቨን ዋይዘንፌልድ የሚባል ሰው ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት። አስተማሪ ነበረች፤ ከደመወዟ ለማህበራዊ ዋስትና ሲቆረጥባት ኖሯል። አራሱን ልጅ ይዞ ድጎማ ሲጠይቅ ይሄኛው ለእናቶች ብቻ ነው ተባለ። ጉዳዩን ይዛ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተከራከረችለት ሩት ቤደር ጊንስበርግ ናት፤ ኋላ ላይ ራሷ የዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆናለች። በ1975 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ፈረዱለት። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ለብቻቸው ልጅ ለሚያሳድጉ እናቶች የሚሰጠው ድጎማ ለአባቶችም የተፈቀደው በኦገስት 2010 ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ተሰማኝ፤ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ደብዳቤውን ጨረስኩት።

አንድ ነገር ግን በቅንነት ልበል። ድጎማው ለእናት እንዲከፈል የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንግሊዝ የ1945ቱ የቤተሰብ ድጎማ ህግ ሲረቀቅ ገንዘቡን አባት እንዲወስድ ነበር የታሰበው። ኤሊኖር ራትቦን የምትባል የፓርላማ አባል ለእናትየዋ ይሰጥ ብላ ታግላ አስለወጠችው። ገንዘቡ ልጁ ጋ እንዲደርስ ነበር ሀሳቧ። ታዲያ ልጁን የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ የሚያስተኛው አባት ሲሆን ያው ሀሳብ ወደ አባትየው ነው የሚወስደው።

ይህን በወረቀት ማሳየት ነበረብኝ። ያሳየልኝ የክትባት ካርዷ ነው። ጥጉ ላይ ወተት ፈሶበት ቢጫ ሆኗል። «ህጻኑን ያመጣው ሰው» የሚል አምድ አለው። መጀመሪያዎቹ ላይ የእናቷ ፊርማ ነው፤ ክብ ክብ ያለ፣ ቆንጆ ፊርማ። ከዚያ በታች ያለው በሙሉ የኔ ነው። አንዱ በሰማያዊ፣ አንዱ በጥቁር፣ አንዱ ልጅ በክንዴ ታቅፌ ስለፈረምኩት ተንጋዷል። ከመዋዕለ ህጻናቱም ጠዋት ማን እንደሚያደርሳት፣ ማታ ማን እንደሚወስዳት የሚገልጽ ደብዳቤ አጻፍኩ። ሁለቱን አያይዤ ሳስገባ የቀን ማህተም ያለበት ደረሰኝ ጠይቄ ተቀበልኩ።

ይግባኙን ያየችው ሰራተኛ ሌላ ናት፤ ለሷ ያለኝ ምስጋና ትልቅ ነው። ካርዱን በእጇ ይዛ ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ አየችው። ፊርማው የሚቀየርበት ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ከዚህ ጀምሮ እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ነኝ አልኳት። እናቷ የት እንዳለች አልጠየቀችኝም። በአራተኛው ሳምንት ተፈቀደ። ያለፉት ወራት ክፍያም ማመልከቻውን ከጀመርኩበት ቀን አንስቶ ታስቦ ገባ። ይሄ እንዲሁ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ይግባኙ ላይ በግልጽ ጽፌ ጠይቄያለሁ። አንተም ጻፈው።

እንግዲህ ስለ አገልግሎቱ የምሰጠው ዳኝነት ይሄ ነው፦ ቅጹ ሲሞላ ጥሩ፣ ስልኩ የማይረባ፣ መስኮቱ እንደደረሰህ ሰው፣ የይግባኝ ክፍሉ በጣም ጥሩ። ቀዩ ኮከብ ግን ዛሬውኑ መነሳት አለበት። በዚያ ኮከብ የተነሳ ሦስተኛው ገጽ ላይ ተስፋ ቆርጦ የተወው አባት ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል፤ የቀረባቸው ደግሞ ልጆቹ ናቸው። ልጅ ባለበት ደግሞ «እናትየዋስ?» ብሎ መጠየቅ ይቁም። ወረቀት ላይ ይጠይቁ፤ አባትየው ጽፎ ይመልሳል።

ወደዚያ የምትሄድ አባት ከሆንክ የክትባት ካርዱን አትጣለው። የገቢና የአድራሻ ማስረጃህን ቀድመህ አታውጣ፤ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ እጅህ ከገባ በኋላ ይሁን። ልጅህን የምትተውለት ሰው ካገኘህ ደግሞ ይዘኸው አትሂድ።

ባለፈው ሳምንት የዓመቱ እድሳት ደብዳቤ ደርሶኛል። «ለተከበሩ እናት» ብሎ ነው የሚጀምረው። ልጄ አሁን ፊደል እየለየች ስለሆነ ከእጄ ወስዳ «እ» ን አገኘኋት ብላ አሳየችኝ። ቅጹን ማታውኑ ሞላሁት። ከላይ «እናት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ «አባት» ብዬ ጻፍኩና አጠገቡ ፈረምኩ። ነገ ጠዋት እሷን አድርሼ ስመለስ አስገባዋለሁ።