ከመርካቶ የገዛኋት የኪስ ሚዛንና የሞላሊቲ ትምህርት

ከመርካቶ የገዛኋት ዲጂታል የኪስ ሚዛን በካርቶኗ ላይ የአምራች ስም የሌላት፣ በሁለት ትንንሽ ባትሪዎች የምትሠራ፣ እስከ 500 ግራም ድረስ በ0.1 ግራም ልዩነት የምትመዝን ዕቃ ናት። የሸጠልኝ ነጋዴ ለቅመም ይሁን ለወርቅ እንደምፈልጋት ጠይቆኝ ነበር፤ እኔ ግን የኬሚስትሪ መምህር ነኝና የፈለግኋት ቤተ ሙከራው በተዘጋ ትምህርት ቤት ውስጥ የሙሙት (አንድ ነገር በፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ የሚፈጥረው ድብልቅ) ኮንሰንትሬሽን፣ ማለትም የመጠን፣ ስሌትን ለማስተማር ነው። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ከተጠቀምኩባት በኋላ የሚከተለውን ለመጻፍ ወሰንኩ።

ሞላሊቲ በአንድ ኪሎ ግራም አሟሚ (ለምሳሌ ውሃ) ውስጥ የሟሟው ነገር ስንት ሞል (ኬሚስቶች የቅንጣቶችን ብዛት የሚለኩበት አሃድ) እንደሆነ ሲገልጽ፣ ሞላሪቲ ግን በአንድ ሊትር ሙሙት ውስጥ ያለውን የሞል ብዛት ይገልጻል። ይህን ትርጉም ተማሪዎቼ ሁሉ በቃላቸው ይወጡታል፤ ጥያቄው ላይ ሲደርሱ ግን አካፋዩ አሟሚው ይሁን ሙሙቱ ይምታታባቸዋል። በሞላሊቲ የሚለካ ሙሙት ለማዘጋጀት ይዘትን በትክክል የሚለካው ውድ የመስታወት ዕቃ አያስፈልግም፤ ሁለቱም ነገሮች የሚለኩት በክብደት ስለሆነ ሚዛንና ኩባያ ይበቃሉ።

ባዶውን የፕላስቲክ ኩባያ በሚዛኗ ላይ አስቀምጠን የዜሮ ቁልፏን ከተጫንን በኋላ 100 ግራም ውሃ ጨመርን፤ ከዚያም 34.2 ግራም ስኳር አከልንበት። የአንድ ሞል ስኳር ክብደት 342.3 ግራም በመሆኑ የጨመርነው 0.1 ሞል ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ሚዛኗ 134.2 አሳየች፤ ሞላሊቲውን አስሉ ስላቸውም ከግማሽ የሚበልጡት ተማሪዎች 0.1ን ለ0.1342 አካፍለው 0.745 አሉኝ። ሙከራውን እንደገና ጀምረን፣ ከስኳሩ በፊት የዜሮ ቁልፏን በድጋሚ እንዲጫኑ አደረግሁ። አሁን ሚዛኗ ለብቻው 34.2 ስላሳየች ውሃውና ስኳሩ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሆነው በደብተራቸው ላይ ሰፈሩ፤ አካፋዩ 0.1 ኪሎ ግራም ውሃ፣ መልሱም 1 ሞላል መሆኑን ከዚያ በኋላ የተከራከረኝ የለም። እኔ ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስታገልበት የኖርኩትን ነገር አንዲት ቁልፍ ፈታችው ማለት ነው።

ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ከሟሟ በኋላ ሙሙቱን ከጎረቤት ትምህርት ቤት በተዋስነው የመለኪያ ሲሊንደር ስንለካው 121 ሚሊ ሊትር ገደማ ሆነ። 0.1 ሞልን ለ0.121 ሊትር ብናካፍል ሞላሪቲው 0.83 ይሆናል፤ በአንድ ኩባያ ውስጥ ያለ አንድ ሙሙት ሁለት ቁጥር አለው ማለት ነው። በጣም ቀጭን በሆኑ የውሃ ሙሙቶች ሁለቱ ስለሚቀራረቡ ተማሪው አንድ ናቸው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ እየወፈሩ ሲሄዱ ግን ልዩነቱ ያስደነግጣል። እፍጋቱ በሚሊ ሊትር 1.84 ግራም የሆነ 98 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ሞላሪቲው 18.4 ሲሆን ሞላሊቲው 500 ይደርሳል፤ ምክንያቱም 98 ግራሙ፣ ማለትም አንድ ሞሉ፣ የሚገኘው በ2 ግራም ውሃ ውስጥ ነው። ይህንን በወረቀት ላይ ብቻ አሳየኋቸው እንጂ አሲድ ወደዚች ሚዛን አላስጠጋሁም።

የሙቀት ነገርም ሳይነሳ አልቀረም። የስኳሩን ውሃ ከድነን ስናሞቀው ሲሊንደሩ ላይ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ሞላሪቲው ይቀንሳል፤ ሚዛኗ ግን ያንኑ ክብደት ታሳያለች፣ ሞላሊቲውም አይነቃነቅም። የመፍላት ነጥብ ጭማሪ (የሟሟው ነገር አሟሚው የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ማድረጉ) በሞላሊቲ የሚሰላበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ድክመቶቿን ልለፍ አልችልም። አንደኛውና የሚያናድደው፣ ለጥቂት ደቂቃ ካልተነካች ራሷን ታጠፋለች፤ ስኳሩን እያማሰልን ሳለ ጠፍታ ዜሮ ያደረግነውን ስለምትረሳ ሙከራውን ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ለመጀመር ተገደናል። መስኮት ከተከፈተ ነፋሱ የመጨረሻዋን አኃዝ ያወዛውዛታል። ማስተካከያ የሚሆን የታወቀ ክብደት አብሮ አልመጣም፤ ከፋርማሲ በገዛሁት የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውሃ እየቀዳሁ 10 ግራም ማሳየቷን አረጋገጥኩ፣ ይህ ግን ግምታዊ ፍተሻ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በጨው አትመከርም፦ በ100 ግራም ውሃ 1 ሞላል የገበታ ጨው ለማዘጋጀት 5.84 ግራም ያስፈልጋል፣ እርሷም የምታሳየው 5.8ን ወይም 5.9ን ነው። የ0.1 ግራም ስሕተት በጨው ላይ ወደ 1.7 በመቶ ሲጠጋ በስኳር ላይ 0.3 በመቶ ብቻ ስለሆነ ስኳሩን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ለመምህርም ሆነ ቤቱ ልጁን ለሚያስጠና ወላጅ እንዲገዛ እመክራለሁ፤ ሆኖም 0.01 ግራም የምትለይ ካገኘ እርሷን ያስቀድም። እንዲህ ያሉት ብዙዎቹ ከ200 ግራም በላይ ስለማይሸከሙ ኩባያው ቀላል ፕላስቲክ ይሁን፣ የመስታወት ብርጭቆ ከሆነ ገና ውሃው ሳይጨመር አቅሟን ሊጨርሰው ይችላል።